ለስደተኛ የተያዘ ክፍል

«ክፍሉ እኮ ለስደተኛ የተያዘ ነው፣ እህቴ። አንቺን በምን ሒሳብ ላስገባሽ?»

ይህን ያለችው የሚስማር አክስት ናት። ልጅቷ ሁለት ንጹሕ አንሶላ በክንዷ ታቅፋ፣ የክፍሉን ቁልፍ በጥርሷ ነክሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቧንቧ በኩል ስትመጣ ነው የሰማችው፤ ሳቋ ሲያመልጣት ቁልፉም አብሮ አመለጣትና ደረጃው ላይ ተንቀጫቀጨ። ደረጃው ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከሠላሳ አይዘልም። ጉልበቷ ላይ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው የሚባል ልጅ አቅፋለች፤ ከጎኗ አፉ በገመድ የታሰረ ፌስታል አለ። ልጁ ያስላል። ሳሉ ከሰውነቱ ጋር አይመጣጠንም፤ የሽማግሌ ሳል ነው፣ ከሆነ ሰው ተውሶት የመጣ ይመስላል። ሴትየዋ ቋንቋውን ትችለዋለች፤ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ፣ እንደ ብርጭቆ፣ እንዳይሰበሩባት እየተጠነቀቀች ነው የምታስቀምጣቸው።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ስደተኛ ነኝ» አለች።

«አየሁሽ፤ አላየሁሽም አልወጣኝም። ግን አንቺ የአሁን ነሽ። ይሄ የድሮዎቹ ነው።» ከዚያ አክስቷ ወደ ሚስማር ዞረች። «አንቺ ደግሞ ምን ያስገለፍጥሻል? ቁልፉን አንሺ!»

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ክፍሉ ማለት ከግቢው በር ገባ ሲሉ በስተቀኝ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ቤት ናት። ከስልሳ ዓመት በፊት ጦርነት ያፈናቀላቸው ጥቂት ሰዎች ድንበር አቋርጠው መጥተው ያረፉባት ናት። የሚስማር አያት ከነሱ አንዷ ነበሩ፤ አክስቷም የተወለደችው እዚያችው ክፍል፣ እዚያው ፍራሽ ላይ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። በሩ አናት ላይ ጌታ በመጨረሻው ቀን ስለ እንግዳ የሚጠይቀን ጥያቄ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል፤ ቀለሙ በየዓመቱ ይታደሳል። ውስጡ አንድ የብረት አልጋ፣ አንድ የድሮ ፍራሽ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ ፎጣና እግር ገብቶበት የማያውቅ ነጠላ ጫማ አለ። ነጠላ ጫማው ቁጥሩ አርባ ነው፤ ለወንድም ለሴትም የሚሆን መካከለኛ ቁጥር የቱ ነው ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተወያይቶበታል። አልጋው ዙሪያውን በቀይ ገመድ ታጥሯል፤ ገመዱ ላይ «አይነካም» የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ የድሮው የኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ማለትም የአሁኑ ሰብሳቢ አባት፣ ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው የሚታዩበት ፎቶ አለ። ሥሩ «ስደተኞችን በተዘረጋ እጅ ሲቀበሉ» ይላል። የድሮዎቹ ሰዎች ቤት ቤታቸውን ይዘው ከወጡ ወዲህ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ አልጋው ላይ ማንም ተኝቶበት አያውቅም።

የሚስማር ሥራ በየቅዳሜው ማንም ያልተኛበትን አንሶላ ገፎ፣ አጥቦ፣ ተኩሶ፣ ማንም ለማይተኛበት አልጋ መልሶ ማልበስ ነው። ስድስተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱና እሷ በስምምነት ከተለያዩ ጀምሮ ትሠራዋለች፤ ያስቀጠረቻት አክስቷ ናት። መጀመሪያ ሰሞን «አክስቴ፣ ይሄ እኮ አልቆሸሸም፤ ሳሙና ደግሞ በአንድ ወር ከሃያ ወደ ሠላሳ አምስት ወጥቷል» ብላ ሞክራ ነበር። አክስቷ ሃይማኖት እንደ ቀየረች ልጅ አየቻት። ከዚያ ወዲህ ሚስማር የራሷን ዘዴ አበጀች። ቅዳሜ ጠዋት ገመዱን ትሻገርና አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ዳቦዋን ትበላለች፤ ቢያንስ የሚራገፍ ፍርፋሪ እንዲኖር። ሰው መቼም ለሥራው ምክንያት ያስፈልገዋል።

ይህኛው ቅዳሜ ግን የዳቦ ቅዳሜ አልነበረም። ነገ እሁድ ስልሳኛው ዓመት ይከበራል፤ ከዋናው ጽሕፈት ቤት ልዑካን ይመጣሉ። «ስደተኛውን እንወዳለን» የሚል ሰባት ሜትር ጨርቅ ታዟል፤ የአንዱ ሜትር ዋጋ የሚስማርን የወር ደመወዝ ሩብ ያህላል። የልዑካኑ መሪ በአልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ይነሳል፤ አያቷ አጠገቡ ወንበር ላይ ሆነው «በክብር ተቀበሉን» ይላሉ፤ ጭብጨባ ይሆናል። ሁሉም ነገር በደቂቃ ተለክቶ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ወረቀቱ ላይ ስለሚያስል ልጅ የተጻፈ ነገር የለም።

አክስቷ ነገሩ ስለ ከበዳት ሰብሳቢውን አስጠራች። ሰብሳቢው ሠላሳ ዓመት ድንበር ላይ ማኅተም ሲመቱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሲያወሩ ቀኝ እጃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ያገኘውን ጠረጴዛ ይደበድባል። ክፉ ሰው አይደሉም። ይልቅ ቁጭ ብለው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከሴትየዋ ፊት ለፊት ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ አንድ ቅጽ ከኪሳቸው አውጥተው በትዕግሥት አስረዷት።

«ቀላል ነው፣ ልጄ። አንቺን የሚያውቁ ሁለት የቤተ ክርስቲያኑ አባላት ይፈርሙልሻል።»

«እዚህ አገር የማውቀው ሰው የለም፣ አባቴ።»

«እሱ ነው ችግሩ።»

«የማውቀው ሰው ቢኖርማ እሱ ቤት አድር ነበር።»

«እሱ ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የምታድሪበት ካለሽ ስደተኛ አትባይም።» ሰብሳቢው ቅጹን በሐዘን አጠፉት። «ከከተማ ወጣ ብሎ ድንኳን አለ ይባላል…»

«ከዚያ ነው የመጣሁት። ትናንት ጎርፍ ገባበት።» ሴትየዋ የልጁን ደረት በመዳፏ ሸፈነች። «ለኔ አይደለም። እሱ ብቻ ለአንድ ሌሊት ደረቅ ነገር ላይ ይተኛ። እኔ እዚሁ ደረጃው ላይ እሆናለሁ።»

ሚስማር ምላሷን መዋጥ ታውቅ ነበር ማለት ውሸት ነው። «ጋሼ፣ ጌታ ራሱ ዛሬ ቢመጣስ? ሁለት ምስክር ከየት ያመጣል?»

«ጌታን የማያውቅ አባል አለ እንዴ?» አሉ ሰብሳቢው፣ ጥያቄው ደስ ብሏቸው። «ሁለት አይደለም፣ ሁለት መቶ ሰው ይፈርምለታል። ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ዛሬ እሷን አስገብተን ነገ እውነተኛው ስደተኛ ቢመጣስ? ቦታ የለም ልንለው ነው?» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእውነት እንባ ነው፣ ለማስመሰል አልነበረም። አክስቷም ከንፈሯን መጠጠች። ለዚያ ገና ላልመጣው ሰው ሁለቱም አዘኑ። የሚያስለው ልጅ ተራ በተራ አያቸውና ደግሞ አሳለ።

ሚስማር ወደ ውስጥ ገብታ ገመዱን አነሳችና አንሶላውን ገፈፈች። በሩ ክፍት ስለ ነበር ሴትየዋ ከደረጃው ሆና አልጋውን አየችው። ልጁን እንደ ታቀፈች ተነሳች፤ አንገቷን አሰገገች፤ ሰው ሞቶ ያየች ይመስል ፊቷ ተለዋወጠ።

«ይሄ ፍራሽ ጠፍቷል» አለች።

«ማን ወሰደው?» ብለው ሰብሳቢው ደንግጠው ተነሱ።

«አልተወሰደም፤ ተበላሽቷል ማለቴ ነው። ሰው ካልተኛበት ፍራሽ ይጓጉላል። የሰው ገላ ነው የሚያፍታታው። ፍራሽ ሰፊ ነኝ፤ ከአባቴ ጀምሮ ፍራሽ ሰፊዎች ነን። ዳርዳሩን ይዩት፣ ድንጋይ ሆኗል። መሐሉ ደግሞ ጉድጓድ ነው።»

ሰብሳቢው ገመዱን ተሻግረው በመዳፋቸው ተጫኑት። ከፍራሹ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ፊታቸው ላይ ነገ እሁድ በሙሉ ሲያልፍ ታየ፤ የልዑካኑ መሪ፣ ፎቶ አንሺው፣ መሪው ቁጭ ሲል የሚሰማው ቀጭ፣ የመሪው መቀመጫ። አዲስ ፍራሽ እንዳይገዙ ይህ የታሪክ ፍራሽ ነው፤ አክስቷ የተወለደችበት ፍራሽ ተጥሎ በሱቅ ፍራሽ ላይ ንግግር አይደረግም። ሚስማር የሳቸውን ፊት አየች፣ የሴትየዋን እጅ አየች፣ ጣቶቿ መርፌ የቆፈረው ጠባሳ አለባቸው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ባለሙያ እኮ በራችን ላይ ቁጭ ብላለች። ለሠራተኛም ሁለት ምስክር ያስፈልጋል እንዴ?»

ሰብሳቢው አሰቡ። ደንቡን በሐሳባቸው ከዳር እስከ ዳር ገለጡት። «ለሠራተኛ… ለሠራተኛ አያስፈልግም» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸው እየተገረሙ። «ለቧንቧ ሠሪውስ ማን ፈረመለት?» ከዚያ በገዛ እጃቸው ቀዩን ገመድ ከፍ አድርገው ያዙላት። ስደተኛ ሆና ሁለት ሰዓት የለመነችው በር ሠራተኛ ስትባል በአንድ ትንፋሽ ተከፈተ። ስለ ክፍያ ሲጠይቋት ገንዘብ አልፈልግም አለች፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀድማ ተናገረች። በነሱ ሙያ የተሰፋ ፍራሽ ሳይተኙበት አይረከብም፤ ነውር ነው። ሰፊው፣ ወይ ከሰፊው ቤት አንድ ሰው፣ አንድ እንቅልፍ ተኝቶበት ሲነሳ ነው ሥራው አለቀ የሚባለው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩና «ይሁን፣ አጭር እንቅልፍ ከሆነ» አሉ። አክስቷ አንገቷን እየነቀነቀች አያቷን ለልምምድ ልታመጣ ታክሲ ፍለጋ ወጣች።

ፍራሹን በረንዳው ላይ አወጡት። ሚስማር አንድ ጫፍ፣ ፍራሽ ሰፊዋ አንድ ጫፍ ይዘው ሲያወጡት እንደ በሬ ከበዳቸው። ሴትየዋ ከፌስታሏ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ቆልማማ መርፌና ምላጭ አወጣች፤ ከአገሯ ስትወጣ ብዙ ነገር ትታ እነዚህን ይዛለች። ስፌቱን ስትተረትር ልጁ ሚስማር ጭን ላይ ሆኖ ያያል። ክሩ ቀጭ ቀጭ እያለ ተበጠሰ፤ የፍራሹ ሆድ ተከፈተ። ጥጥ ይወጣል ብለው የጠበቁ ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የወጣው ቀይ ከፋይ ነው። ቁራጭ አይደለም፣ ሙሉ መጋረጃ፣ ጫፉ ላይ የወርቅ ዘርፍ ያለው፤ ዘርፉን የያዘው የእንጨት ቀለበት ነው ቀጭ ሲል የነበረው። ሴትየዋ ሳበች፤ ሁለተኛ መጋረጃ ወጣ። ደግሞ ሳበች፤ የመዘምራን ነጭ ልብስ ወጣ፣ እጅጌው አስቀድሞ፣ ልክ ከውስጥ ሰው እጁን አውጥቶ «እዚህ ነኝ» የሚል ይመስል። ለነገ የታዘዘውን ባለጽሑፍ ጨርቅ ለመስቀል የመጣው የመዘምራን አለቃ ከመሰላሉ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የቤተ ክርስቲያኑ የታሪክ መጽሔት ስድስተኛ ገጽ ላይ፣ የዛሬ ስልሳ ዓመት የአዳራሹ መጋረጃና አሥራ አንድ የመዘምራን ልብስ «ባልታወቁ ሌቦች» መሰረቃቸው ተጽፏል። ሰብሳቢው ይህን ገጽ በየዓመቱ ለሕዝቡ ያነባሉ፤ አባታቸው በዚያ የስርቆት ዘመን እንኳ ስደተኞቹን በፍቅር እንደ ተቀበሉ ሲናገሩ ሰው ያለቅሳል። አሁን መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ከፍ ዝቅ ይላል፣ የሚመታው ጠረጴዛ ግን የለም። ከግቢው ማዶ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ የሆነችው ሴት፣ ነገሩን ሰምታ ነጭ ጋዋኗን እንደ ለበሰች እየሮጠች መጣችና «እንዳትነኩት! ማስረጃ ነው!» አለች። በማን ላይ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቃትም።

በዚህ መሐል ታክሲው ቆመ። አያቷ በአክስቷ ክንድ ተደግፈው፣ ለነገ የተገዛላቸውን አዲስ ሻርፕ ለብሰው ገቡ። ከርቀት ቀዩን ከፋይ አዩት። ቆሙ። ከዚያ ሳቁ፤ ጥርስ ባይኖርም ድዱ በሙሉ የሚታይበት ሳቅ።

«ወይ ጉድ! እስካሁን አልበሰበሰም?» አሉ።

«እማዬ፣ ምንድን ነው የምትይው?» አለች አክስቷ።

«መጋረጃው ነዋ። እኔና አባትሽ ነን የወሰድነው። ብርድ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ አንቺ ሆዴ ውስጥ ነሽ። አባትሽ በአዳራሹ መስኮት ገባ፤ እኔ ከውጭ ሆኜ ዕቃውን ተቀበልኩት፤ ከረጢት ውስጥ ከተን ፍራሽ አደረግነው። ወደዚችም ክፍል የገባነው በመስኮት ነው። በሩን ማን ከፍቶልን!»

የመዘምራን አለቃ መሰላሉን እንደ ታቀፈ ቀረ። ሰብሳቢው በክፍቱ በር ወደ ፎቶው ጠቆሙ። «እማማ፣ ምናልባት ዕድሜ… አባቴ እኮ በተዘረጋ እጅ…»

«ፎቶውን ነው? አስታውሰዋለሁ። ጋዜጠኛ ነው ያነሳው። አባትህ እጁን የዘረጋው ወደ በሩ ነበር፤ ‹ውጡ!› እያለን። ከሱ ፊት ለፊት እኔ ነበርኩ፤ እኔ ፎቶው ውስጥ አልገባሁም እንጂ።» አያቷ ወንበር ስጡኝ ብለው ቁጭ አሉ። «አትዘን፣ ልጄ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሊያስወጡን ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው አላልቅ አለ። አንዱ ይነሳል፣ አንዱ ይቀመጣል፤ ማክሰኞ ይቀጥል ይባላል፤ ማክሰኞ ደግሞ ሐሙስ ይባላል። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ይቺ ተወለደች። ከዚያ ማን አራስ ያስወጣል? ወተት መላክ ጀመሩ። ወተት የላከ ሰው ደግሞ የልጅቷን ስም ይጠይቃል። ስሟን ካወቁ በኋላ ነገሩ ከበዳቸው። ያ ስብሰባ እስከ ዛሬ አላለቀም መሰለኝ፤ አልቋል ያለኝ ሰው የለም።»

አክስቷ ፊቷ እንደ ግድግዳው ኖራ ነጣ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለጎብኚ ሁሉ «በክብር ተቀበሉን፣ በሥርዓት ገባን» እያለች ያስጎበኘችው እሷ ናት። ሁለተኛውን ወንበር ስባ ከእናቷ ጎን ተቀመጠች። በቤታቸው ሁልጊዜ ወይ ሬዲዮኑ ይጮሃል፣ ወይ አክስቷ። አሁን ግን አክስቷ በቀስታ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«አልጠየቅሽኝማ። ንግግርሽ ደግሞ ደስ ይል ነበር፤ እኔም ባመንኩት እስክል ድረስ።»

ፍራሽ ሰፊዋ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራዋን አላቋረጠችም። ከፋዩን እየዘረጋች፣ በዱላ እየመታች፣ የስልሳ ዓመት አቧራ እያስለቀቀች ቆየች፤ ከዚያ ቀና ብላ፣ የተሰረቀውን ዕቃ መልሳ ትክተተው ወይስ አትክተተው ብላ ጠየቀች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ማስረጃ ነው አለች። የመዘምራን አለቃ ልብሶቹ ታጥበው ቢተኮሱ ለነገ ይደርሱ ይሆን ብሎ አንዱን በደረቱ ለካው። አያቷ ግን «መልሺው፣ ልጄ፤ ሞቅ ያደርጋል» አሉ፣ ጉዳዩ በዚያው ተቆረጠ። መርፌው መመላለስ ጀመረ። የፍራሽ ሰፊዋ እጅ ሲሠራ ፊቷ ሌላ ሰው ይሆናል፤ ደረጃው ላይ የነበረችው ለማኝ የት እንደ ሄደች አይታወቅም። ፍራሹ ተነፋ፣ ተስተካከለ፣ ጠርዙ እንደ ከንፈር አበጠ።

የመጨረሻው ቋጠሮ ሲታሰር ዝናቡ ወረደ። ተሯሩጠው ፍራሹን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ሚስማር ንጹሑን አንሶላ ዘረጋችበት። ፍራሽ ሰፊዋ ማንንም ሳታይ፣ የሙያዋን ግዴታ እንደምትፈጽም ሰው ኮስተር ብላ፣ ልጁን ከሚስማር ተቀብላ አልጋው መሐል አስተኛችው። ልጁ ሁለት ጊዜ አሳለ። ጣቶቹን አንሶላው ላይ አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ዓይኑን ከደነ። ሁሉም ቆመው ሦስተኛውን ሳል ጠበቁ፣ ሰብሳቢው ጭምር። ሳሉ አልመጣም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ብቻ ይሰማል።

አንድ ሰዓት አለፈ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። «ሞከረው አይደል? በቃ ይነሳ» አሉ።

«አንድ እንቅልፍ ነው የተባባልነው፣ አባቴ። እንቅልፉ አላለቀም» አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ሳሉ ሦስት ቀን አላስተኛውም።»

ሰብሳቢው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ከአዳራሹ ጎን ባለችው ጠባብ ቢሮ፣ አራቱ የኮሚቴ አባላት፣ ሰብሳቢው፣ አክስቷ፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤትና የመዘምራን አለቃ፣ አራት ማዕዘን ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አጀንዳው አንድ ነው፤ ልጁ ይቀስቀስ ወይስ አይቀስቀስ። ደንቡ ደግሞ፣ አንድ ጉዳይ በውይይት ላይ እስካለ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ያለ ነገር እንዳለ ይቆያል፣ ውሳኔ ከተሰጠ ግን ወዲያው ይፈጸማል ይላል፤ ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው ጮክ ብለው ያነበቡት። ሚስማር ሻይ እንድታመላልስ ታዝዛ በሩ አጠገብ ቆመች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት፣ ሳሉ በሽታ ቢሆንስ፣ ልዑካኑ ቢይዛቸውስ አለች። ሚስማር፣ «እትዬ፣ መድኃኒት ቤት አይደል ያለሽ?» ስትላት ሻይሽን ቅጂ ተባለች። የመዘምራን አለቃ በበኩሉ አንጀቱ እንደ ተላወሰ፣ ነገር ግን አንጀት በደንቡ ውስጥ እንደሌለ ተናገረ። ሰብሳቢው፣ ድንኳኑ ጋ የሚያደርስ ታክሲ ከኪሳቸው እንደሚከፍሉ ቃል ገቡ፤ ይህን ሲሉ ለራሳቸው በጣም ደግ ሆነው ታዩ። ድንኳኑ ውሃ ገብቶበታል ሲባሉ ታክሲው እስከ ደረቁ ድረስ ይሄዳል አሉ።

አክስቷ የነገውን የንግግር ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታያለች። «በክብር ተቀበሉን» የሚለው ላይ ጣቷን አስቀምጣለች፤ ስትነሳና ስትቀመጥ እንኳ ጣቷ ከዚያ አልተነቃነቀም። ሚስማር የአክስቷን ፊት ታውቀዋለች፤ ሲቆጣም ሲስቅም ታውቀዋለች። ይህን ፊት ግን አላወቀችውም። አክስቷ በነዚህ ሰዎች መሐል ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን የተለየ እጅ አውጥታ አታውቅም። ሁሉም ሲያወጡ ታወጣለች፣ ሁሉም ሲያወርዱ ታወርዳለች፤ አንድ ሰው በድንገት «አንቺስ ከየት ነሽ?» እንዳይላት የምትፈራ ይመስል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰብሳቢው እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ መቱ። «በቂ ውይይት ተደርጓል። ልጁ ይቀስቀስ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ልል ነው። ከዚያ በፊት ሌላ ሐሳብ ያለው አለ?» አሉ፤ ይህን ሁልጊዜ ይላሉ፣ ሁልጊዜም ማንም መልሶላቸው አያውቅም። እርሳሱን ወደ ወረቀቱ መለሱ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እጇ ከወዲሁ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በመስኮቱ የክፍሉ በር ይታያል፤ ፍራሽ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ በዝናቡ ጥግ ቆማ ወደ ቢሮው ታያለች፤ የሚሉት አይሰማትም፣ የእጆቹን ብዛት ግን ከዚያም ሆና መቁጠር ትችላለች።

አክስቷ እጇን አወጣች።

«ገና እኮ አልጠየቅኩም፣ እህታችን» አሉ ሰብሳቢው።

«ለድምፅ አይደለም። ነጥብ አለኝ።»

«የምን ነጥብ?»

አክስቷ የምን እንደሆነ እንደማታውቅ ሚስማር ከበሩ ሆና አየች። አክስቷ ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ ሻይ ብርጭቆው አየች፤ ከዚያ ቀስ ብላ የንግግር ወረቀቷን በጀርባው ገለበጠችና እርሳስ ለመነች። «ስለ መጋረጃው» አለች። «የታሪክ መጽሔቱ ገጽ ስድስት መታረም አለበት። ሌቦቹ ታውቀዋል። ስማቸውም ይጻፍ። አንዷ እናቴ ናት።»

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እጅ ወረደ። ሰብሳቢው እርሳሳቸውን አስቀመጡ፤ መጽሔቱ የሳቸው ሥራ ነው፣ ፎቶው ያለው ደግሞ ገጽ ሰባት ላይ ነው። «ገጽ ስድስት ከተነካ ገጽ ሰባትም…» አሉና ድምፃቸው ቆመ። ከዚያ ተነሱ፣ ደግመው ተቀመጡ። የመዘምራን አለቃ አሥራ አንዱ ልብስስ በማን ስም ይመዝገብ አለ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ማስረጃው ተመልሶ ተሰፍቷል፣ ማን ፈቀደ አለች። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ።

አክስቷ በወረቀቱ ጀርባ ላይ አንድ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ጥቂት አስባ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብላ እስከ ታች ድረስ ባዶ ቁጥር ደረደረች። ከዚያ ቀና አለችና፣ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሚስማርን ሳትቆጣ አየቻት።

«አንቺ ሚስማር» አለች፤ «መብራቱን አብሪልን። ገና ነን።»